የሚያክ ውሻ፦ መጀመሪያ ጭራው ሥር እዩ

ውሻው ሲያክ ካደረ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልቀባው?» መሆን የለበትም። የትኛውን ቦታ ነው የሚያከው? ቦታው መንስኤውን ይናገራል። ቁስል፣ እሾህ፣ የገባበት ነገር ካለ አይታችኋል ብዬ ልለፈው።

ወገቡን፣ ጭራው ሥርና የኋላ ጭኑን እየነከሰ ፀጉሩን ከነቀለ

ቁንጫ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ «ቆዳው ታመመ» ተብለው ከሚመጡልኝ ውሾች ብዙዎቹ ይኸው ነው ያለባቸው። ባለቤቱ ግን አያምንም። «ኧረ ፈልጌ አንድም አላገኘሁበት!» ይላል። ላይገኝ ይችላል። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበት ውሻ ጥቂት ንክሻ ይበቃዋል፤ ራሱን ሲልስና ሲነክስ ውሎ ደግሞ የነበሩትንም ውጧቸዋል።

ስለዚህ የቁንጫውን ኩስ ፈልጉ። ነጭ ጨርቅ ወይም ሶፍት አርጥባችሁ ከሥሩ አድርጉና ጭራው ሥር ያለውን ፀጉር በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጥሩ። እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ነገር ይወርዳል። ትንሽ ታገሡ። በጥቁሩ ዙሪያ ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ከተንጣለለ ቁንጫው የጠጣው ደም ነው። አፈር ከሆነ እንደዚያው አፈር ሆኖ ይቀራል።

እስከዚህ ብዙ ሰው ይደርሳል። የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሁሉም ውሻውን ያክማል፣ መኝታውን የሚያይ የለም። ውሻው ላይ የሚዘለው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ፀጉር ላይ አይጣበቅም፣ ውሻው በተኛበት ይረግፋል። የሚፈለፈለው ትል ብርሃን ስለሚሸሽ ጭዱ ውስጥ፣ ጆንያው እጥፋት ውስጥ፣ የአፈር ወለል ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። እዚያ ድር አድርቶ ይሸፈንና ሙቀትና እንቅስቃሴ እስኪሰማው ለወራት ሊጠብቅ ይችላል። የኮምቦልቻ ሙቀት ከተመቸው ዙሩን በ3 እና 4 ሳምንት ይጨርሳል። የደሴ ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ኮምቦልቻ አንዲት እናት ውሻቸውን አሳክመው፣ ቤቱን ቆልፈው ለዒድ ገጠር ዘመድ ጋ ከረሙ። ተመልሰው በሩን እንደከፈቱ ቁንጫ እግራቸውን ወረረው። «ሰው አስደርጎብኝ ነው እንጂ ባዶ ቤት ቁንጫ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። አብሽሩ እማማ፣ ማንም አላስደረገብዎትም። በድሩ ውስጥ ተኝቶ የነበረው የእግርዎን ኮቴ ሰምቶ ነው የወጣው።

ሌላው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያየሁት ነው። ውሻው በየሳምንቱ በሳሙና ይታጠባል፣ ፀጉሩ ያብረቀርቃል፣ ወገቡ ግን ተልጧል። የሚተኛው የዘበኛው ቤት ጥግ፣ አንድ ጆንያ ላይ ነው። ጆንያውን ገልብጬ ነጭ ፌስታል ላይ መታ መታ ሳደርገው ኩስና የሚርመሰመስ ቀጭን ትል ወረደ። ጆንያው መቼ ታጠበ ብዬ ብጠይቅ ዘበኛው ሳቀብኝ። ውሻው በየእሑዱ ንጹህ ሆኖ ተመልሶ እዚያው ይጋደማል ማለት ነው።

የሚሠራው ይኼ ነው፦ ውሻውና መኝታው በአንድ ቀን ይታከማሉ። ጭዱን ከቤት ራቅ አድርጋችሁ አቃጥሉ። ጆንያውንና አሮጌ ጋቢውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። ወለሉን ጠርጉ፣ ስንጥቁን ጫሩ፣ የፈላ ውሃ አፍስሱበት (ልጆች ከአካባቢው ይራቁ)። ድሩን መድኃኒት አይበሳውም፤ ስለዚህ ይህን በየሳምንቱ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር ድገሙት። አንዴ ሠርታችሁ «መድኃኒቱ አልሠራም» እንዳትሉኝ።

ለውሻው ፊፕሮኒል ያለበት ጠብታ በክብደቱ ልክ ግዙ። ማጅራቱ ላይ ፀጉሩን ከፍላችሁ ቆዳው ላይ አንጠብጥቡ። ፀጉር ላይ የፈሰሰ ጠብታ የባከነ ገንዘብ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ለሁለት ቀን አትጠቡት። ፍሉራላነር የሚባለው እንክብል ከተገኘ አንዱ ለ12 ሳምንት ቁንጫ ይከላከላል፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ ግን ሳትጠይቁ አትስጡ። ግቢው ውስጥ ያለ ሌላ ውሻና ድመትም አብሮ ይታከም፣ ድመቷ ግን በራሷ መድኃኒት። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል። ገበያ ላይ የሚዞረው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበት የአንገት ማሰሪያ ሽታ ብቻ ነው፤ አትግዙ።

አይቨርሜክቲን የሚባለው የከብት የተባይ መርፌ ደግሞ ለቁንጫ አይሆንም። መርፌ የያዘ ሁሉ ለሁሉም የሚወጋው እሱን ነውና ልድገመው፦ ለቁንጫ አይሆንም።

የጆሮው ጫፍ፣ ክርኑና ቁርጭምጭሚቱ ቅርፊት ከያዘ

እከክ ነው፤ ቆዳ ውስጥ የሚቆፍር በጣም ትንሽ ተባይ ያመጣዋል። የጆሮውን ጫፍ በሁለት ጣት ስታሹት የኋላ እግሩ ለማከክ ከተነሳ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ምንም ሳይታይ እከክ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቤተሰቡ ክንዱንና ሆዱን ካሳከከው ከውሻው ነው፤ ውሻው ሲታከም አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል።

እዚህ ላይ አይቨርሜክቲን ይሠራል፣ ግን ሒሳቡን ስሙኝ። የከብቱ መርፌ በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አለው፤ 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ከብት የተመጠነ ነው። 10 ኪሎ ውሻን «ትንሽ ነው፣ አንድ ይበቃዋል» ብሎ የሚወጋ አምስት እጥፍ ሰጠው። ውሻው ይንገዳገዳል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ማርከሻ የለውም። ኮሊና አንዳንድ የእረኛ ውሻ ዝርያ ከዚያ ባነሰም ይሞታል። ሐኪም መዝኖ ይስጥ።

«ማሳከኩን ቶሎ ያቁምልኝ» ብላችሁ ዴክሳ (ዴክሳሜታሶን፣ ማሳከኩን ብቻ የሚያፍን መርፌ) አታስወጉ። ለጥቂት ቀን ጸጥ ይላል፣ እከኩ ግን ከሥር ይራባል።

ምንም ይሁን ምን የማይቀባ

ነጭ ጋዝ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት። በረኪና። ማላታይን የሚባለው ፀረ ተባይ። በጎቹ ለተባይ ከተነከሩበት የተረፈ ዲያዚኖን። «ለበጉ ሠርቷል» ብሎ ውሻውን በትራፊው የነከረ አንድ የቃሉ ወረዳ ገበሬ አውቃለሁ፤ ልኩን አልለካም፣ ውሻው ደግሞ ፀጉሩን ልሷል። ምራቁ እየተዝረበረበ፣ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ በጋሪ አመጣው። እንዲህ ከሆነ ጓንት አጥልቃችሁ በሳሙናና በብዙ ውሃ እያጠባችሁ ሐኪም ጥሩ፤ ማርከሻው አትሮፒን ከደረሰ ሊተርፍ ይችላል። በላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ጽሑፍ ሳይኖረው የሚሸጥ ዲያዚኖን ግን ለበጉም አትግዙ። የቀጠነውን ልክ የሚያውቅ ሻጩ ብቻ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም

ቡችላ ዓይኑና አፉ ዙሪያ ፀጉሩ ረግፎ ብዙ ካላከከው ሌላ ዓይነት ተባይ ነው፤ ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ጭርት ሊሆን ይችላል።

ሌላ ውሻ ነክሶት የነበረውን ቦታ ብቻ እያከከ ጠባዩ ከተለወጠ አትንኩት፣ ዝጉበትና ወዲያው ለሐኪም አስታውቁ፤ የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህም ሊጀምር ይችላል።

ክረምት አልፎ መስከረም ሲገባ መዳፉን የሚልስ፣ ጆሮው የሚቀላ ውሻ ለአበባና ለሣር ብናኝ አለርጂ ሊኖረው ይችላል። ከግጦሽ ሲመለስ እግሩን በውሃ አለቅልቁት። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ እንክብል የሚረዳው አለ፣ ከአፍንጫ መክፈቻ ጋር የተቀላቀለው ግን መርዝ ነው።

ዓመቱን ሙሉ የሚያክና ቁንጫም እከክም የሌለበት ከሆነ ምግቡን ጠርጥሩ። ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቅ አንድ ዓይነት ሥጋና ድንች ብቻ ለ8 ሳምንት ስጡት። ሽንኩርት ያለበት ወጥ ፍትፍት ለማንኛውም ውሻ አይሰጥም፣ ደሙን ይጎዳል። በመሐል እንግዳ አዝኖለት አንድ አጥንት ከወረወረለት ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።