«የቁሞ ቀሯ እንቆቅልሽ» የተባለውን የኩዊልት ብሎክ እንዴት መስፋት ይቻላል

ኩዊልት ገጹ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ መሐሉ ጥጥ፣ ሥሩ ገበር የሆነ የአልጋ ልብስ ነው፤ ገጹም «ብሎክ» ከሚባሉ እኩል ካሬዎች ይሠራል። አሜሪካውያን ለብሎኮቹ ስም ሲያወጡ ስለ ሴት ያላቸውን አስተያየት ጨምረውበታል። «ዶሮና ጫጩቶቿ» የሚባል ብሎክ አለ፤ ሳታገባና ሳትወልድ ለቀረችው ሴት ደግሞ የደረሳት ስም «የቁሞ ቀሯ እንቆቅልሽ» ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ በነበረው ልማዳዊ ሕግ ያገባች ሴት ንብረት በባሏ ሥልጣን ሥር ይወድቅ ስለነበር (ኒው ዮርክ ሕጉን ማሻሻል የጀመረችው በ1848 እ.ኤ.አ. ነው)፣ በስሟ መሬት ይዛና ውል ተዋውላ መኖር የምትችለው ይህችው የሚሳለቁባት ሴት ነበረች።

ስለዚህ ጨርቅ ከመቁረጥዎ በፊት ብሎኩን ለማን እንደሚሰፉት ይወስኑ። የሴቶች የመምረጥ መብት ታጋይዋ ሱዛን ቢ. አንተኒ አላገባችም፣ አልወለደችምም፤ ሴት መምረጥ ባልተፈቀደላት ጊዜ፣ በ1872፣ ሮቸስተር ከተማ ድምፅ በመስጠቷ ተይዛ 100 ዶላር ብትቀጣም አንዲት ሳንቲም አልከፈለችም። በ1881 የአሜሪካን ቀይ መስቀል የመሠረተችው ክላራ ባርተንም እንዲሁ ባልም ልጅም አልነበራትም። ከባርነት አምልጣ ሌሎችንም ያስመለጠችው ሃሪየት ተብማን ከአብራኳ የወጣ ልጅ ባይኖራትም በ1874 ከባሏ ጋር አንዲት ሕፃን በማደጎ ወስዳ አሳድጋለች። ተብማንን ከመረጡ ግን ኩዊልት ለሚያመልጡ ባሮች የምስጢር መልእክት ያስተላልፍ ነበር የሚለውን ታሪክ አብረው አይስፉበት፤ አፈ ታሪኩ ቢያምርም በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ አልተገኘለትም።

ለቀለም የምመርጠው የሴቶች የመምረጥ መብት ታጋዮች ከያዙት ሰንደቅ የተወሰደውን ሐምራዊ፣ ነጭና ወርቃማ ነው። ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ ይሁን። ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ ርካሽ ቢሆንም በካውያ ሲተኩሱት እጥፋቱን ስለማይዝ ለዚህ ሥራ አይመከርም። አስቀድመው አጥበው ይተኩሱት፤ በተለይ ሐምራዊው ቀለሙን ነጩ ላይ እንዳይለቅ።

ከነጩ 11 ሳንቲሜትር ጎን ያላቸው 5 ካሬዎች፣ ከሐምራዊው 4፣ ከወርቃማው 1 ይቁረጡ። በተጨማሪ 9.5 ሳንቲሜትር ጎን ያላቸው 4 ነጭና 2 ሐምራዊ ካሬዎች ያስፈልጋሉ።

አስቸጋሪው ሥራ ከሁለት ሦስት ማዕዘኖች የተገጠሙትን 10 ካሬዎች ማዘጋጀት ነው። ሦስት ማዕዘኖቹን አስቀድሞ ቆርጦ መስፋት የሚያፋጥን ይመስላል፤ ነገር ግን ጨርቅ በሰያፍ ሲቆረጥ እንደ ላስቲክ ስለሚለጠጥ፣ ገና የስፌት መኪናው እግር ሥር ሳይገባ ቅርጹ ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ይስፉ፣ ከዚያ ይቁረጡ። አንዱን ነጭ ካሬ ከአንድ ባለ ቀለም ካሬ ጋር ፊት ለፊት ያጋጥሙና ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በጠመኔ ወይም በልብስ ሰፊ ሳሙና መስመር ያስምሩ። ከመስመሩ ግራና ቀኝ በ0.75 ሳንቲሜትር ርቀት ይስፉ፤ ከዚያም በመስመሩ ላይ ይቁረጡት። ከእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ባለ ሁለት ቀለም ካሬ ይገኛል።

ካውያውን ጨርቁ ላይ አይጎትቱት፤ እያነሡ ይጫኑት፤ በዚህ ደረጃ እንፋሎትም አያስፈልግም። ከተተኮሰ በኋላ ካሬው ከሚፈለገው ትንሽ ይሰፋል፣ ሆን ተብሎም ነው። የማስመሪያውን 45 ዲግሪ መስመር ስፌቱ ላይ አስተኝተው አራቱንም ጎን በማስተካከል ልክ 9.5 ሳንቲሜትር ያድርጉት። ብዙ ሰው ይህን ማስተካከል ይዘለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ካሬ በ2 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ በአራት ካሬ ረድፍ ላይ ስህተቱ 8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ረድፎቹን በመጎተት ማስታረቅ አይቻልም። ለዚህ የሚሽከረከር መቁረጫና ግልጽ ማስመሪያ ቢገዙ ገንዘቡ አይባክንም፤ መቀስም ስለት ካለው ይሠራል።

አሁን 16ቱን ካሬዎች ጠረጴዛ ላይ በአራት ረድፍ ይደርድሩ። በታተሙ ንድፎች ላይ የሦስት ማዕዘኖቹ አቅጣጫ ይለያያል፤ እኔ የምከተለው ይህን ነው። ብሎኩን በሐሳብ በአራት ሩብ ይክፈሉት። በላይኛው ግራና በታችኛው ቀኝ ሩብ፣ የብሎኩን እምብርት በሚነካው ቦታ ሐምራዊ ካሬ፣ ከጎንና ከጎኑ ሐምራዊ ወገናቸው ወደ እምብርቱ የዞረ ባለ ሁለት ቀለም ካሬዎች፣ በውጭው ማዕዘን ላይ ደግሞ ወርቁ ወደ ውጭ የሚያይ ካሬ ይቀመጣል። በቀሩት ሁለት ሩቦች ነጭ ካሬዎቹ በውጭው ማዕዘንና በእምብርቱ በኩል ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ያሉት ሁለቱ ሐምራዊ ወገናቸውን ወደ እምብርቱ ያዞራሉ። አንዱ እንኳ ቢገለበጥ ንድፉ ስለሚፈርስ፣ ከመስፋትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይመልከቱት፤ ከዓይን ይልቅ ፎቶ ስህተትን ቶሎ ያሳያል።

ከጠርዙ በዚያው በ0.75 ሳንቲሜትር ርቀት በየረድፉ ከሰፉ በኋላ የአንደኛውንና የሦስተኛውን ረድፍ የስፌት ትርፍ ወደ ግራ፣ የሁለተኛውንና የአራተኛውን ወደ ቀኝ ይተኩሱ፤ ስፌቶቹ እንዲህ ሲሆን እርስ በርስ ተቆላልፈው ማዕዘኖቹ ይገጥማሉ። አራቱን ረድፎች ሲያጋጥሙ ብሎኩ በየጎኑ 33.5 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ከሌሎች ብሎኮች ጋር ሲሰፋ ወደ 32 ይወርዳል።

በመጨረሻ ጀርባው ላይ የመረጧትን ሴት ስምና ብሎኩ የተሰፋበትን ዓመት በማይለቅ ብዕር ይጻፉ፤ ብዕሩን ግን አስቀድመው በትርፍ ጨርቅ ላይ ጽፈውና አጥበው ይሞክሩት።