የተሳሳተ መልስ እና መልስ ያልሆነ ጽሑፍ፦ ለአወያዮች

በጎ ፈቃደኞች በሚያስተዳድሩት የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ላይ አዲስ አወያይ በብዛት የሚሰናከለው የተሳሳተ መልስንና መልስ ያልሆነ ጽሑፍን በአንድ ዓይን ሲያይ ነው። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ወደ መልሱ ሲሄዱ «ትክክል ነው?» ከማለትዎ በፊት «ለመመለስ ሞክሯል?» ይበሉ። ጠያቂው «ላፕቶፔ ቻርጅ ሳደርገው 80 በመቶ ላይ ይቆማል» ብሏል እንበል። «እኔንም አጋጥሞኛል፤ መፍትሔ አገኘህ?» የሚለው መልስ አይደለም፤ ይሰረዝ። «ባትሪው ሞቷል፤ ቀይረው» የሚለው ግን መልስ ነው። ብዙ ላፕቶፖች የባትሪውን ዕድሜ ለማራዘም ቻርጁን 80 ላይ የሚገታ ሴቲንግ ስላላቸው ምክሩ ጠያቂውን ለከንቱ ወጪ ሊዳርገው ይችላል፤ ቢሆንም አይሰረዝም። አሉታዊ ድምፅ ይስጡትና ከሥሩ «ባትሪው ከመቀየሩ በፊት የቻርጅ ገደቡ በርቶ እንደሆነ ይታይ» ብለው ይጻፉ። ስሕተቱ ከነእርማቱ ሲቀመጥ፣ ያንኑ ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ሌላ አንባቢም ይማርበታል። አወያይ የሁሉም ሙያ ዐዋቂ አይደለምና፣ በመሰረዣ ቁልፍ ትክክሉን ልዳኝ ካለ እሱ ያላወቀው እውነተኛ መልስም አብሮ ይጠፋል።

ሊንክ ብቻ ያለበትን መልስ ለመመዘን ሊንኩን በእጅዎ ይሸፍኑት። የሚጠቅም ነገር ካልቀረ፣ ጸሐፊው ፍሬ ነገሩን በራሱ ቃል እንዲጨምር ይጠይቁት፤ ገጹ የጠፋ ዕለት መልሱም ባዶ ይሆናልና።

ፊደል፣ አንቀጽና የኮድ አቀማመጥ ያለ ስጋት ያርሙ። በመልሱ ውስጥ ያለ ቁጥርና የኮድ ትእዛዝ ግን አይንኩ፤ መልሱ በሌላ ሰው ስም የቆመ ነው።

በማሽን የተጻፈ መልስ የባሰ ፈተና ነው። የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በቻትጂፒቲ የተጻፉ መልሶችን ያገደው፣ አሳማኝ መስለው ብዙ ጊዜ የተሳሳቱ መልሶች በጎ ፈቃደኞች ሊያጣሩት ከሚችሉት በላይ ስለጎረፉ ነው። የአጻጻፍ ለዛ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የጸሐፊውን ሌሎች መልሶች ይክፈቱ፤ በማይገናኙ ርዕሶች ላይ በደቂቃዎች ልዩነት የተለጠፉ ረጃጅም ጽሑፎች ካገኙ ለሁለተኛ አወያይ ያሳዩ።

ሲሰርዙ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይተዉ። ጸሐፊው አስተካክሎ ከተመለሰ ጽሑፉን ዳግም አይተው ይመልሱለት።