ስሜን ተራሮች ለምትሄዱ፦ እግራችሁን ቀድማችሁ አስቡበት
ከሳንቃ በር ተነስታችሁ በግጭ በኩል ወደ ራስ ዳሽን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ልትወጡ ከሆነ እባካችሁ አዲስ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትመጡ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ተመላለሱበት። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ይቀራል፣ የሱፍ ይሻላል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ተረከዛችሁን ሞቅ፣ ቆጥቆጥ ሲያደርጋችሁ «ካምፕ ስንደርስ አየዋለሁ» አትበሉ። እዚያው ቁጭ በሉ፣ ጫማውን አውልቁ፣ የገባችውን ጠጠር አራግፉ፣ ቆዳውን አድርቁና ውሃ ሳይቋጥር ፕላስተር ለጥፉበት። አምስት ደቂቃ ብታስቆሟቸው ጓደኞቻችሁ አይቀየሙም።

ጥፍራችሁን ከጉዞው በፊት ቁረጡ። ቁልቁለት ስትጀምሩ ደግሞ የጫማውን ማሰሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጉ፤ አለበለዚያ አውራ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍሩ ይጠቁራል።