ወንበራችሁን ከትንሿ መድረክ ፊት ዘርጉ

ፌስቲቫል ስትሄዱ ፖስተሩ ላይ ስሙ በትልቁ ለተጻፈለት ዘፋኝ ብላችሁ አትሩጡ። እኔ ሮጬ አይቼዋለሁ። አንዴ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቦታ ጠብቄ ሰውዬውን ያየሁት በስክሪን ነው፤ እሱንማ ቤቴ ሶፋ ላይ ተጋድሜ አየው አልነበር? ተናድጄ ውሃ ልገዛ ስሄድ፣ ከዛፍ ሥር መኝታ ክፍል የምታህል መድረክ ላይ አራት ሰዎች አንድ ማይክ ከበው ሲጫወቱ አገኘሁ። ሰሚው ቢበዛ ሠላሳ ሰው ነው። ውሃውንም ረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ የምሄደው ለትንንሾቹ መድረኮች ነው። እዚያ የሚጫወቱት ፎክና አሜሪካና የሚባሉትን የአሜሪካ ሙዚቃዎች ነው፤ ምንና ምን ናቸው ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ። ፎክ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የወረደው ዘፈንና የእሱን መንገድ የሚከተለው አዲሱ ነው። አሜሪካና ደግሞ ካንትሪውን፣ ብሉዙን፣ መዝሙሩንና ሮኩን አንድ ድስት ውስጥ ያማሰለው ነው። ግራሚ እንኳ ለአሜሪካና አልበም ራሱን የቻለ ሽልማት መስጠት የጀመረው በ2010 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

የት ልጀምር ለምትሉ፣ በተለይ አሜሪካ ሻርሎት ከተማ አካባቢ ላላችሁ፣ ሜርልፌስት የሚባለውን ፌስቲቫል እላለሁ። ሰሜን ካሮላይና ግዛት ውስጥ ዊልክስቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ፣ በኤፕሪል መጨረሻ ለአራት ቀን ይካሄዳል። ከሻርሎት በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው። የተጀመረው በ1988 ሲሆን ስሙ ከሜርል ዋትሰን የመጣ ነው፤ የዓይነ ስውሩ ጊታሪስት የዶክ ዋትሰን ልጅ ነበር፣ በ1985 በትራክተር አደጋ ሞተ፣ አባትየውም በልጁ መታሰቢያ ላይ ዓመት ዓመት ይጫወት ነበር። እዚያ ከትልቁ መድረክ ጎን ካቢን የሚሏት ትንሽ መድረክ አለች። ትልቁ ላይ ዕቃ እስኪቀያየር እሷ ላይ ይጫወታሉ። ሰው ሁሉ ለምግብ ብድግ ሲል እናንተ እንዳትነሱ።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ላይ በቀን ሁለት ስም ብቻ ምረጡ፣ የቀረውን እግራችሁ ይምረጠው። የሚታጠፍ ወንበር ያዙ፣ ግን ዝቅ ያለውን፤ ረጅም ወንበር ይዞ ፊት የሚቀመጥ ሰው የትም አይወደድም። ቦታው የተራራ ግርጌ ስለሆነ ቀን ያቃጥላል፣ ማታ ጃኬት ያስፈልጋል። ፋሲካ ወደ ሜይ በሚገፋበት ዓመት (በ2024 እንደሆነው) ፌስቲቫሉ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል፤ ምግብ ማስገባት የሚፈቀደው እስከምን እንደሆነ ቀድማችሁ አይታችሁ ቆሎ ቢጤ ያዙ።

አሁን ዋናው፣ አቀማመጡ። ወይ ሦስተኛው ረድፍ አካባቢ መሀል ላይ፣ ወይ ድምፁን የሚያስተካክለው ሰው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡ። ሰውየው ሙዚቃውን የሚያስተካክለው እሱ ጆሮ ላይ በሚደርሰው ልክ ነው፣ ስለዚህ እሱ ጋ የሚያምረው ለእናንተም ያምራል። ስፒከሩ ሥር አትቀመጡ። ብሉግራስ የሚሉትን በክር መሣሪያ የሚሠራ የተራራ ሙዚቃ የሚጫወት ቡድን አንድ ማይክ ብቻ ይዞ ከወጣ እግራቸውን እዩ፦ ተራው የደረሰው ወደ ማይኩ ይጠጋል፣ የጨረሰው ያፈገፍጋል፣ ፊድሉ (ቫዮሊኑ) ባንጆውን፣ ማንዶሊን የምትባለው ትንሽ የክር መሣሪያም ጊታሩን ሳይነኩ እየተሹለከለኩ ይተላለፋሉ። ድምፁ ከፍና ዝቅ የሚለው በዚያ እርምጃ ነው እንጂ በማሽን አይደለም። አንዱ ተራውን በደንብ ሲጫወት ዘፈኑ ሳያልቅም ይጨበጨብለታል። በዘፈኑ መሀል ምት ለመያዝ ማጨብጨብ ግን ባይሆን ይሻላል፣ ሠላሳ ሰው ሠላሳ ዓይነት ምት ነው ያለው።

አዝማሪ ቤት ላደገ ሰው ከባዱ ዝምታው ነው። ግጥም ልስጥ ብሎ አፉን ይበላዋል። እዚህ ግጥም አይቀበሉም፣ ግንባር ላይ ብር መለጠፍም የለም። መሸለም ከፈለጋችሁ ሲጨርሱ ጠረጴዛቸው ጋ ሄዳችሁ ሲዲ ወይ ቲሸርት ግዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጥላችሁ ራሱ ዘፋኙ ነው፣ ሁለት ቃል መጨዋወቻ ጊዜም አለው።

በዘፈንና በዘፈን መሀል ክር ሲያስተካክሉ የሚያወሩትንም እንዳታልፉት። ለእኔ ግማሹ ጣዕም እዚያ ነው። ደስ በሚል ዜማ ሬሳ የሚያወጡ ዘፈኖች አሉ። እዚያው ዊልክስ ካውንቲ ውስጥ በ1866 ሎራ ፎስተር የምትባል ወጣት ተገደለች፣ ቶም ዱላ የተባለ የጦርነት ተመላሽ ገድሏታል ተብሎ በ1868 ተሰቀለ፣ ሰዉም ዘፈን አደረገው፣ ዛሬም ይዘፈናል። ታሪኩን ሳትሰሙ ዜማውን ብቻ ብትሰሙ እስክስታ ልትወርዱበት ትችላላችሁ።

ባንጆውንም ልብ በሉልኝ። የተራራ ነጮች መሣሪያ ይመስላል እንጂ ሥሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ቅልና ቆዳ ይዘው የሠሩት ነው። የሰሜን ካሮላይና ልጅ የሆነችውን ዘፋኝና ባንጆ ተጫዋች ሪያነን ጊደንስን ካገኛችሁ ስሟት፣ ይህንን ታሪክ ከነባንጆው ይዛ ነው የምትዞረው።

ሲመሽ መኪና ማቆሚያውና ድንኳኑ መሀል ሰዎች ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። ከክቡ ውጪ ቁሙ፣ ስልካችሁን ፊታቸው አትደቅኑ፣ ግቡ እስኪሏችሁ ጠብቁ። ክራር ያለው ይዞ ይምጣ። ብዙዎቹ የድሮ የተራራ ዘፈኖች የተሠሩባቸው አምስት ድምፆች የእኛው ትዝታ ሜጀር ናቸው፣ ስለዚህ ጣት አይጠፋባችሁም። ጓደኛዬ አንድ ምሽት ሞክሮት አንድ ሽማግሌ ባንጆ ተጫዋች እስከ ሌሊት አልለቀውም። ክራሩን በጂ (በሶል) ድምፅ ቃኙት ብቻ፣ ባንጆው ብዙ ጊዜ የሚቃኘው እዚያ ነው።