ማዘርቦርድ ተቀይሮ ዊንዶውስ «አክቲቬት አድርጉኝ» ሲል እንዴት ይስተካከላል?

እህቴ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። በ2017 ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና የዋናው ኮምፒውተሯ ማዘርቦርድ ተቃጠለ። አንድ ጠጋኝ ያገለገለ ቦርድ አፈላልጎ ገጠመላት። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ፋይሎቿም ደህና ነበሩ። በማግስቱ ግን ስክሪኑ ላይ፣ ቀኝ ጥግ ወደ ታች፣ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ መጣ። ጠጋኙን ስትጠይቀው «ክራክ እጭንልሻለሁ፣ ችግር የለውም» አላት፤ ክራክ ያለ ፈቃድ አክቲቬት የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። እሷም ወደ እኔ ደወለች። ያን ቀን በስልክ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ፣ አትደንግጡ። ጽሑፉ ስለመጣ የሚጠፋ ፋይል የለም። ዎርድ ይከፈታል፣ ፕሪንተርም ይሠራል። የሚከለከለው የስክሪኑን ምስልና ቀለም መቀየር፣ እንዲህ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ተረጋግታችሁ ለመሥራት ጊዜ አላችሁ።

ለምን መጣ? ዊንዶውስ አንዴ አክቲቬት ሲሆን፣ ማለትም ፈቃዱ ሲረጋገጥ፣ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች አይቶ እንደ አሻራ ያለ መለያ ይይዛል። ፈቃዱም ከዚያ አሻራ ጋር ማይክሮሶፍት ዘንድ ይመዘገባል። በአሻራው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ማዘርቦርዱ ነው። ራም ብትጨምሩ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ብትቀይሩም ፈቃዱ አይጠፋም። አዲስ ስትጭኑ «አይ ዶንት ሃቭ ኤ ፕሮዳክት ኪ» የሚለውን ነክታችሁ የድሮውን ዓይነት፣ ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ፣ ምረጡ። ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ቦርዱ ሲቀየር ግን ለማይክሮሶፍት ሌላ ኮምፒውተር ሆነ ማለት ነው።

ቦርዱ ከመቀየሩ በፊት

ቦርዱ ገና ካልተቀየረ ዕድለኞች ናችሁ። ሦስት ነገር ሥሩ።

አንደኛ፣ ፈቃዳችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ። የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጫኑ። በሚመጣው ሳጥን በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር ብላችሁ ክፍት ቦታ ተዉ፤ ከዚያ ስላሽ፣ ዲ፣ ኤል፣ አይ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። የምትፈልጉት ቃል «ዲስክሪፕሽን» በሚለው መስመር ላይ ነው። «ሪቴል» ካለ ብዙ ጊዜ ለብቻው የተገዛ ነው፤ አንድ ጊዜ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሁን እንጂ ወደ ሌላ ይዛወራል። «ኦኢኤም» ካለ ከኮምፒውተሩ ጋር ከፋብሪካ የመጣ ነው፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ባለ 25 ሆሄው ቁልፍ ቦርዱ ውስጥ ተጽፎ ይመጣል፣ ስለዚህ ከቦርዱ ጋር ይኖራል። «ቮልዩም» የድርጅት ነው። የቤታችሁ ኮምፒውተር ላይ «ቮልዩም ኪኤምኤስ» ካያችሁ አንድ ሰው ክራክ አድርጎት ሊሆን ይችላል። እሱን አዛውራለሁ ብላችሁ አትድከሙ።

ሁለተኛ፣ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ግቡ። ከ2016 ጀምሮ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ዲጂታል ፈቃድ ከአካውንት ጋር ይያያዛል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን ውስጥ ገብታችሁ «ሊንክድ ቱ ዩር ማይክሮሶፍት አካውንት» የሚል መኖሩን እዩ። ካለ ነገ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ጠጋኝ ይረሳዋል፣ ጉዳቱ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ዲስካችሁ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ እናንተ ሳታውቁትም ይበራል። መክፈቻው ያለው ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ በሚገኘው፣ ቲፒኤም በሚባል የደህንነት ቺፕ ውስጥ ነው። ቦርዱ ሲሄድ መክፈቻውም አብሮ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ይጠይቃችኋል። ቁጥሩ ከሌላችሁ የልጆቻችሁ ፎቶ፣ የደንበኛ ሥራ፣ ሁሉም እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሩን ቀድማችሁ አውጡና በወረቀት ጻፉት። ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

ቦርዱ ከተቀየረ በኋላ

ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ቀኑን እዩ። ያገለገለ ቦርድ ባትሪው ደክሞ ሰዓቱ ተዛብቶ ይመጣል። እኛ ሀገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የእህቴ ጠጋኝ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ ሞልቶት ነበር፤ ሰዓቱንም በእኛው። ኮምፒውተሩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። እንዲህ ሲሆን ድረ ገጾች «ደህንነቱ አልተረጋገጠም» እያሉ አይከፈቱም፣ ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ጋር መገናኘትም ያስቸግራል። የፈረንጁን ቀን አስገቡ፤ የሰዓት ክልሉን «ናይሮቢ» የሚለው ላይ አድርጉት፣ ከእኛ ጋር አንድ ነው።

ቀጥሎ ኢንተርኔት አገናኙ። የስልካችሁ ሆትስፖት ይበቃል። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን ግቡ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ «አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ነው። መጨረሻው ዜሮ 04 ኤፍ 211 የሆነ የስህተት ቁጥር ካያችሁ «ዕቃ ተቀይሯል» ማለቱ ነው። «ትረብልሹት» የሚለውን ንኩ። አልቻልኩም ካለ «አይ ቼንጅድ ሃርድዌር ኦን ዚስ ዲቫይስ ሪሰንትሊ» የሚል ይመጣል። እሱን ነክታችሁ በድሮው አካውንታችሁ ግቡ። ከዝርዝሩ የድሮውን ኮምፒውተር ስም ምረጡና አሁን የምጠቀመው ይህንን ነው በሉት። «ሪቴል» ቁልፍ ያላችሁ ደግሞ እዚያው «ቼንጅ ፕሮዳክት ኪ» ላይ 25ቱን ሆሄ አስገቡ።

የእህቴ ኮምፒውተር ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ ትረብልሹት ስትለው በደቂቃዎች ውስጥ ተስተካከለ። ጠጋኙ የገጠመው ቦርድ ከዚያው ሞዴል የመጣና ፕሮ የነበረበት ስለሆነ የራሱ ፈቃድ አብሮት መጥቶ ነበር። ያገለገለ ቦርድ ስትገዙ ተመሳሳይ ሞዴል ፈልጉ የምለው ለዚህ ነው።

እምቢ ቢልስ?

መጀመሪያ ሆምና ፕሮ እንዳልተምታታ አረጋግጡ፤ የፕሮ ፈቃድ ሆምን አይከፍትም፣ የሆምም ፕሮን። ቀጥሎ ፈቃዱ ኦኢኤም ከሆነ አንድ ልዩነት እወቁ። ቦርዱ ተበላሽቶ በተመሳሳይ ወይም አምራቹ አቻ ባለው ቦርድ ከተተካ፣ በማይክሮሶፍት ደንብ አዲስ ፈቃድ መግዛት የለባችሁም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው «ጌት ሄልፕ» ድጋፍ ሰጪዎቹን አግኙና መቃጠሉን ንገሯቸው። ፍጥነት ፈልጋችሁ በሌላ ሞዴል ከቀየራችሁት ግን አዲስ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ ቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2 ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም ከጥቂቶች በቀር ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። ገንዘቡ የሚወጣው አንዴ ነውና ቦርዱ ይህን ያሟላ።

ክራኩን ግን እባካችሁ ተዉት። ብዙዎቹ ከመጫናቸው በፊት አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላሉ። እህቴ ጋ ሰው መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የቤት ካርታውን በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ያ ሁሉ በሚያልፍበት ኮምፒውተር ላይ ጥበቃውን አጥፍቶ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፕሮግራም መጫን ልክ አይደለም። ጠጋኙም በነጻ አይጭነውም።

የሱቁን ሁለተኛ ኮምፒውተር በዚያው ሳምንት ከአካውንቷ ጋር አያያዝነው። ባለ 48 አሃዙን ቁጥር በወረቀት ጽፋ ከንግድ ፈቃዷ ጋር አስቀምጣዋለች።