ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበውን ውሃ በበግ ፀጉር አስቆምኩት

የእናቴ ቤት ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ አጥንት ድረስ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ዝናብ ሳይኖር ኮርኒሱ ይረጥብ ነበር። ቆርቆሮው ተበስቷል ብዬ የሚስማሩን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ ደፈንኩ። አልቆመም።

ለካ የሚያፈስ ነገር የለም። ሌሊት ቆርቆሮው በጣም ይቀዘቅዛል፤ ከቤት የሚወጣው ሞቃት እንፋሎት ሲነካው ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል።

የመንዝ በግ ፀጉር ገዛሁ። በለብታ ውሃና በሳሙና ሳላሽ አጠብኩት፤ ካሹት ይጣበቃል። ፀሐይ ላይ ክው እስኪል አደረቅኩት። እርጥበት ከቀረው ይሸታል። ከዚያ በጣቴ አፍታትቼ ኮርኒሱ ላይ አንድ ስንዝር ያህል አነጠፍኩት። አትጫኑት፤ ሙቀቱን የሚይዘው በፀጉሩ መካከል ያለው አየር ነው። ከቆርቆሮው ጋርም አላነካካሁትም፣ ንፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ተውኩ። የመብራት ገመዶቹን ኤሌክትሪሻን አስቀድሞ በቱቦ አስገባልኝ። ይህን እንዳትዘሉት።

የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃና በጤፍ ጭድ መረግነው። ጭቃውን ያቦካችው እማዬ ራሷ ናት። አሁን ኮርኒሱ ደረቅ ነው፤ እሷም ሌሊት ሁለተኛ ብርድ ልብስ አትደርብም።