ተጠርቶ መጥቶ መቅረት፦ በዩኒቨርሲቲ ሥልጠናዎች ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ለመምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኙ ስክሪኑን በጣቱ እየጠቆመ «እዚህ ጋ እንደምታዩት ይሄኛው ከዚያኛው ይበልጣል» ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ ዓይነ ስውር ነው። ጠጋ ብሎ «ምኑ ነው የሚበልጠው?» አለኝ። በሹክሹክታ ስነግረው ቀጣዩ ስላይድ ለሁለታችንም አመለጠን። እስከ ምሳ እንዲህ ቀጠልን። ከሰዓት በኋላ መጠየቁን ተወው።

አሠልጣኙ ጎበዝ ነበር፤ ክፋትም የለበትም። ማን እንደሚመጣ አልተነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። እኔም ሥልጠና ማስተባበር ከጀመርኩ ወዲህ የማየው ይህንኑ ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው ገና የጥሪ ደብዳቤው ሲጻፍ ነው።

ሳይጠይቁ መጀመር

ከየዲፓርትመንቱ የሚላከው ዝርዝር ስምና ስልክ ብቻ ይይዛል። አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «በሥልጠናው በደንብ እንዲሳተፉ ምን እናሟላልዎ?» በቀጥታ «አካል ጉዳት አለብዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። አንድ ጆሮው የማይሰማ ሰው ራሱን አካል ጉዳተኛ ብሎ ላይጠራ ይችላል፤ የፊት ወንበር ግን ያስፈልገዋል። ጥያቄው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይሂድ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በአንድ ጀንበር አይገኝም። ሥልጠናው ሙሉ ቀን ከሆነ ደግሞ ሁለት ያስፈልጋሉ፤ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያስተረጉም እጁም አእምሮውም ይዝላል።

የማይነበብ ፋይል መላክ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ። ስህተቱ በጣም የተለመደ ነው፤ ማረሙ ደግሞ ቀላል ነው። ማታ ላይ ሃንድአውቱ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀቃል። ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ለሚጠቀም ሰው ያ ባዶ ወረቀት ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ የራሱ ጣጣም አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ለዓይን «ሀ ለ ሐ» ያሳያሉ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ስክሪን ሪደሩ ያንን ሲያነብ የማይገባ ድምፅ ይወጣል። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፉ ማስተማሪያዎች ዛሬም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። መፈተሽ ትችላላችሁ። አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ፔስት አድርጉ። አማርኛው ወደ ዝብርቅርቅ ምልክት ከተቀየረ እንደገና በዩኒኮድ ይጻፍ። ከዚያ የዎርድ ፋይሉን ከሥልጠናው ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩ።

«እንደምታዩት» እያሉ ማለፍ

ስላይዱ ላይ ያለውን በአፍ ተናገሩት። ሰከንዶች ቢፈጅ ነው። መስማት የተሳናት ሠልጣኝ ካለች ደግሞ ፕሮጀክተሩ ጎልቶ እንዲታይ ብላችሁ መብራት አታጥፉ፤ የአስተርጓሚው እጅ አይታያትም። ስላይዱንም አስተርጓሚውንም በአንዴ ማየት ስለማትችል፣ አዲስ ስላይድ ስትከፍቱ ትንሽ ዝም በሉ።

«ተሸክመን እናወጣዋለን»

አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። በዊልቸር የሚመጣ መምህር እንዳለ ሲነገር «ችግር የለም፣ ተሸክመን እናወጣዋለን» ይባላል። ከቅንነት ነው። ግን መምህሩ ተማሪዎቹ እያዩት በሰው ትከሻ ደረጃ መውጣት የለበትም። ገና በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዞ ነበር። ያላችሁበት ሕንፃ ካልተመቸ ምድር ላይ ያለ ክፍል ያዙ።

አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ለአንድ ሳምንት የሚሰጥ ሥልጠናም ሰው ያስቀራል። አንዲት መምህርት ከወሊድ ፈቃድ በቅርቡ ተመልሳለች እንበል። ሕፃኑ ገና የወራት ዕድሜ ነው ያለው። «ልጅ አላት፣ አይመቻትም» ተብሎ ሳትጠየቅ ስሟ በሌላ ይተካል። እስቲ ጠይቋት። ሞግዚቷ የምታርፍበት ክፍል ቢዘጋጅ ትመጣ ይሆናል። ለዓይነ ስውር ሠልጣኝ ረዳትም እንዲሁ አልጋና ውሎ አበል በጀት ውስጥ ይግባ።

ምሳና ሰዓት

ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይኑር፤ ሥጋ ካለ የሙስሊምና የክርስቲያን ተለይቶ ይቅረብ፤ የቱ የቱ እንደሆነም ይጻፍበት። ዓርብ የምሳ እረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሚረዝመው ለጁምዓ ሶላት ነው። «ዛሬ ቶሎ ጨርሰን እንሂድ» ብላችሁ ከእሱ ላይ አትቁረጡ።

ጽሕፈቱ ለሴት፣ ንግግሩ ለወንድ

የቡድን ሥራ ሲጀመር አንድ ሰው ማርከሩን ያነሣና «ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ ጻፊ» ይላል። እሷ ፍሊፕ ቻርቱ ላይ ትጽፋለች፤ ሌላው ይከራከራል። መጨረሻ ላይ ተነሥቶ የሚያቀርበው ወንድ ነው። ይህን ስንቴ እንዳየሁት! አሁን እያንዳንዱ ዙር ላይ ጸሐፊና አቅራቢ ይቀያየራሉ፤ ሕጉን ከመጀመሪያው እንናገራለን።

ቋንቋም አለ። በእንግሊዝኛ የተጀመረ ውይይት ሲሞቅ ወደ አማርኛ ይገባል። በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ያደገው ሠልጣኝ ሐሳቡን አዘጋጅቶ እጁን ሲያወጣ ርዕሱ አልፏል። በአነጋገሩ የሚስቅ ካለ ደግሞ ሁለተኛ እጁን አያወጣም። ከመናገር በፊት ለሁሉም ሁለት ደቂቃ የመጻፊያ ጊዜ ስጡ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሚመለስም አብራችሁ ወስኑ። በአነጋገር የሚቀልድን ሰው እዚያው አስቁሙት።

የወረቀት አስተያየት መስጫ

ያ ባልደረባዬ በሥልጠናው ማብቂያ ቅጹን ያስሞላው እኔን ነው። «ከአምስት ስንት?» አልኩት። «አራት አድርጊልኝ» አለኝ። ከወራት በኋላ ሻይ ስንጠጣ ነው «ግማሹን ሥልጠና አላገኘሁትም፤ አንቺን እያደከምኩ ሁለት ጻፊልኝ ማለት ከበደኝ» ያለኝ። አሁን ቅጹን በጉግል ፎርም እንልካለን። በስልኩ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ራሱ ይሞላዋል።